«ወታደሩ የት ይሄድ ነበር?»፦ የቃኘው ድንጋይ ክርክር በአዳማ

ባቡር ጣቢያ ሰፈር፦ ከትናንት ወዲያ ማታ ሬዲዮ የሰማ አለ? አንድ እንግዳ ቀርቦ፣ በኮሪያ ለወደቁት የቃኘው ሻለቃ መኮንኖች በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ መታሰቢያ ድንጋይ ይቁምላቸው አለ። ቃኘው ጃንሆይ ከክብር ዘበኛ ጦራቸው አውጥተው ለኮሪያ ጦርነት የላኩት ሻለቃ ነው፤ በሚያዝያ 1943 ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በባቡር በከተማችን አልፏልና ነው። እስከዚህ ድረስ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጋዜጠኛዋ «የሁሉም ስም ይጻፋል?» ብላ ስትጠይቀው ግን «የመኮንኖቹ ይበቃል፣ ሌላውን ይወክላሉ» ብሎ እርፍ። ደሜ ፈላ። ሰው ለመሞትም ተወካይ ያስፈልገዋል እንዴ?

ሻምበል፦ ወንድሜ አታካብድ። ሰውዬው ምን አጠፋ? ጦር በመሪዎቹ ነው የሚታወሰው። ቃኘው ሲባል ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ይነሳሉ፤ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ይነሳሉ። መኮንን ከፊት ባይቆም ወታደሩ የት ይሄድ ነበር?

የፍራንኮ ልጅ፦ ወታደሩ የት ይሄድ ነበር? ቤቱ ነዋ! እናቱ ጋ።

ትርሲት፦ 😂😂 ገደልከኝ

ባቡር ጣቢያ ሰፈር፦ ሻምበል፣ የጠራሃቸው ሁለቱም አዛዦች ኮሪያ ላይ አልሞቱም እኮ። በሰላም ተመልሰው ማዕረግ ጨምረዋል፣ እሰየው። እኛ የምናወራው ስለወደቁት ነው። እስቲ ከወደቁት መኮንኖች የአንዱን ስም ጥራ። ጉግል ሳታደርግ።

ሻምበል፦ ስም ማስታወስ ፈተና አደረግከው? ስማቸው ስለተረሳ አይደል እንዴ ድንጋይ ይቁም የሚባለው።

ባቡር ጣቢያ ሰፈር፦ የተራው ወታደር ስም ታዲያ ትዝ ይልሃል? እሱም ተረስቷል። በአንተው ሚዛን እሱ ይቅደም።

ትርሲት፦ አያቴ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ተራ ወታደር ነበር። ክብር ዘበኛ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም ነበር፤ ስለ ብርዱ ግን ያወራል። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው ኮረብታ ላይ ምሽግ ውስጥ ያድራል፣ ሌሊት ቅኝት ይወጣል። አንድ ነገር ግን በኩራት ይነግረን ነበር። ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። የወደቀ ጓዱንም ሜዳ ላይ ጥሎ የተመለሰ የለም። ከ120 በላይ ሰው ሞቷል፣ ከ500 በላይ ቆስሏል፣ ምርኮኛ ግን ዜሮ። ጦርነቱ ሲያበቃ እንኳን ሬሳቸው እዚያው አልቀረም፣ አጽማቸው ተመልሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። እንግዲህ እዚያ ማንም ማንንም ጥሎ ካልመጣ፣ እናንተ ድንጋይ ላይ ጥላችሁት ልትመጡ ነው?

የፍራንኮ ልጅ፦ በቃ። ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። ዝጉት።

ሻምበል፦ አላለቀም። እህቴ፣ ለአያትሽ ክብር አለኝ። ግን መኮንኑም የተሸከመውን ተሸክሟል። ካርታ የሚያነበው፣ ከአሜሪካኖቹ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው፣ መድፍ የት እንደሚወድቅ የሚናገረው ማነው? በአሜሪካ 7ኛው ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ በማያውቀው ቋንቋ መዋጋት ቀላል ነው? በግንቦት 1945 ፖርክ ቾፕ በሚሉት ኮረብታ አካባቢ ጦር ሰፈሮቹን ይዘው የቆዩት ያለ መሪ ነው? ወታደሩ የት ይሄድ ነበር ያልኩት ለንቀት አይደለም።

የፍራንኮ ልጅ፦ አሁንም ደገመው! ወታደሩ የት ይሄድ ነበር። አቦ፣ ወታደሩ እኮ ዕቃ አይደለም። በራሱ እግር ነው ኮረብታውን የወጣው።

ዋንጂ፦ እኔ ሁላችሁም አስገርማችሁኛል። ኮሪያ፣ ኮሪያ፣ ኮሪያ። የሰው አገር ጦርነት። ኮሪያኖቹ ቹንቾን ላይ መታሰቢያ ሠርተውላቸዋል፤ አዲስ አበባም አፍንጮ በር ላይ አላቸው። ስንት ጊዜ ነው የሚታወሱት? የሶማሊያን ወረራ የመለስንበት ካራማራስ? የካቲት 26 ቀን 1970። ያ የራሳችን መሬት ነው። ከየገጠሩ ተለቅሞ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ፣ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ የተጫነው ሚሊሺያ ምን ድንጋይ አለው? አጎቴ ከዚያ አልተመለሰም። ማዕረግ አልነበረውም፣ ገበሬ ነበር። ሻምበል፣ እሱስ የት ይሄድ ነበር?

ባቡር ጣቢያ ሰፈር፦ ዋንጂ፣ ነፍስ ይማር። ግን «የሰው አገር ጦርነት» ማለት አይሆንም። በ1928 ጣሊያን ሲወረን ጄኔቭ ሄደን ጮኽን፤ የመንግሥታቱ ማኅበር እጁን አጣጥፎ አየን። ለዚህ ነው በኋላ ተባበሩት መንግሥታት ሲጠራ እሺ የተባለው። የተወረረ አገር ብቻውን አይቅር ነው ነገሩ። እኛ ያጣነውን ለሌላ ሰጠን።

ደምበላ፦ እሱ የመማሪያ መጽሐፍ መልስ ነው። ጃንሆይ መሣሪያ ይፈልጉ ነበር፣ ኤርትራን ይፈልጉ ነበር፣ አሜሪካንን ይፈልጉ ነበር። በግንቦት 1945 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። አስመራ ያለው የአሜሪካኖች ጣቢያም «ቃኘው» ተባለ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ወታደሩ የሄደው የተላከበት ነው።

ትርሲት፦ ደምበላ፣ ሒሳብ ካወቅክ አይቀር የአያቴን ጡረታ አስላልኝ።

ደምበላ፦ ልክ ነሽ፣ እሱን ማስላት ከባድ ነው። የደርግን ዘመንማ ተይው። መንግሥት ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ ደቡብ ኮሪያ መዝመት ወንጀል ሊሆን ምን ቀረው።

ትርሲት፦ አያቴ በዚያን ጊዜ ኒሻኑን ከግድግዳ አውርዶ ሣጥን ከተተው። እናቴ ልጅ ሆና «አባባ፣ ወርቁ የት ሄደ?» ስትለው «ተሰረቀ» አላት። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ! በኋላ መረጃ ፈልጎ አንድ ቢሮ ሄደ። «ኮሪያ? የትኛዋ ኮሪያ?» ብለው ጠየቁት። ሁለተኛ እዚያ አልረገጠም።

የናዝሬት ልጅ፦ ናዝሬት ጣቢያ ላይ ሲያልፉ ሕዝቡ በእልልታ ሸኝቷቸዋል ይባላል። ቢሠራ ደስ ይለኛል።

ገንደ ሀራ፦ አዳማ።

የናዝሬት ልጅ፦ በ1943 ምን ይባል ነበር?

ገንደ ሀራ፦ ከ1943 በፊትስ ምን ይባል ነበር?

የናዝሬት ልጅ፦ ድንጋዩ ላይ ምን ልትጽፍ ነው ታዲያ? «ባቡሩ በአዳማ አለፈ»? ትኬቱ ላይ ናዝሬት ነው የሚለው።

ገንደ ሀራ፦ ድንጋዩ የሚቆመው አሁን ነው፣ ከተማዋም አሁን አዳማ ነች። ትኬትህን ይዘህ ሂድና አዲሱ ባቡር ጣቢያ አሳያቸው፣ ከከተማ ውጭ ነው፣ ባጃጅ ያስፈልግሃል።

የፍራንኮ ልጅ፦ ወይ ጉድ። እባካችሁ የሞቱ ሰዎች እያወራን ነው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦ ልጆች፣ ከንባብ ወደ ጽሑፍ መግባት አልወድም ነበር። እኔ ኦጋዴን ነበርኩ። ሻምበልን ሁላችሁም ስታጣድፉት አየሁ፤ ትንሽ እውነት አለው። ጠላት ተኩስ ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ሬዲዮ የያዘውንና ትእዛዝ የሚሰጠውን ነው። የእኔ መቶ አለቃ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነበር። ዕድሜዬ ከሱ ይበልጥ ነበር። «ተነሱ» ብሎ ራሱ መጀመሪያ ተነሣ፤ እዚያው ቀረ። ስለዚህ መኮንን ሁሉ ከኋላ ተቀምጦ የሚያዝ አድርጋችሁ አትሳሉት። ግን ያንን ልጅ ከሜዳ ያወጣነው አራት ሆነን ነው። ሁለቱ እሱን ይዘው ሲመጡ ተመቱ። የሱን ስም ጽፋችሁ የነዚያን ሁለቱን ካስቀራችሁ፣ እሱ ራሱ ቢነሣ ይቆጣችኋል።

ሻምበል፦ ሃምሳ አለቃ፣ አክብሮቴ የላቀ ነው። የእርስዎን ቃል አልቃወምም። እኔ ያልኩት ግን ቦታ ውስን ነው፣ ገንዘብም ውስን ነው። ለጅምሩ መኮንኖቹ ይጻፉ፣ ቀስ ተብሎ ሌላው ይጨመር።

ባቡር ጣቢያ ሰፈር፦ ቦታ ውስን ነው? ሁሉም አንድ ላይ 120 ምናምን ስም ነው! የእናቴ ዕድር መዝገብ ከዚህ በላይ አባወራ ይዟል፣ ያውም ዋሶቹን ጨምሮ። «ቀስ ተብሎ ይጨመር» የተባለ ነገር በዚህ አገር ተጨምሮ ያየ ሰው እጁን ያውጣ።

ደምበላ፦ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ከኮሪያ በሕይወት ተርፎ፣ በታኅሣሥ 1953 አዲስ አበባ ላይ የሞተ የክብር ዘበኛ መኮንን ይጻፋል አይጻፍም?

ሻምበል፦ እሱ በጃንሆይ ላይ የተሞከረ መፈንቅለ መንግሥት ነው። ጦርነት አይደለም።

ደምበላ፦ ክብር ዘበኛ በአንድ ወገን፣ ጦር ሠራዊትና አየር ኃይል በሌላ ወገን፣ መሐል ከተማ ታንክና አውሮፕላን። ጦርነት ካልሆነ ምንድን ነው፣ ጥምቀት? ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ደግሞ ተመልከት። ቃኘው ወደ ኮሪያ ሲላክ የክብር ዘበኛው አዛዥ እሳቸው ነበሩ። በ1953 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከታገቱት ጋር ተረሸኑ። ያገቷቸው እነማን ናቸው? የገዛ ክብር ዘበኛቸው። አሁን የትኛውን መኮንን የትኛው መኮንን ይወክለዋል? ንገረኛ።

ሻምበል፦ ርዕስ አታስቀይር።

ደምበላ፦ ርዕሱ መኮንን ነው። መኮንን አመጣሁልህ።

ባቡር ጣቢያ ሰፈር፦ ደምበላ፣ ይሄ ለኮሪያ የወደቁት ነው። የ53ቱን ከጨመርክ ድንጋዩ ሳይቆም በድንጋይ እንወራወራለን።

ዋንጂ፦ የኔን ጥያቄ አንድ ሰው አልመለሰም። ካራማራ።

የናዝሬት ልጅ፦ የነሱ ሐውልት አዲስ አበባ አለ እኮ። ትግላችን። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት።

ዋንጂ፦ ሄጄ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ላይ የኩባዎቹ ፎቶ በተርታ ተደርድሯል። ከኛ ጎን ተሰልፈው ደማቸውን አፍስሰዋል፣ ይገባቸዋል። የአጎቴን ግን ፈልጌ አጣሁት። ለኩባዊው መልኩ፣ ለኛ ገበሬ «ሰፊው ሕዝብ»። ይኸው ነው ድርሻችን።

ትርሲት፦ ያን ሐውልት ሰሜን ኮሪያዎች እንደሠሩት ታውቃላችሁ አይደል? አያቴ የወጋት አገር መጥታ በከተማው መሐል ሐውልት አቆመች። እሱ ኒሻኑ ሣጥን ውስጥ ነው። በአውቶቡስ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላኛው መስኮት ያዞር ነበር።

ገንደ ሀራ፦ ይሄን ስሰማ ድንጋዩ ይቅር ማለት አማረኝ። ብሩን በሕይወት ላሉት ስጡ። ከኮሪያ የተመለሱት ስንት ቀሩ? ጣት ላይ። ለሞተ እብነ በረድ፣ ለቆመ ወረፋ።

ሻምበል፦ ይኸውልህ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ልሥራ ሲል «ለሕያዋን ስጡ» የሚል ይነሣል። ለሕያዋንም አይሰጥ፣ ለሙታንም አይቆም።

ገንደ ሀራ፦ እኔ እሰጣለሁ። አንተስ ስንት ታዋጣለህ?

ሻምበል፦ መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋም።

የፍራንኮ ልጅ፦ ኮሚቴ! መጣ። ሰብሳቢው መኮንን፣ ተላላኪው ተራ ወታደር።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦ ልጄ፣ ሙሉ ዝርዝሩን ፈልጉ። የእያንዳንዱ ስም ሠራዊቱ መዝገብ ውስጥ መኖር አለበት፤ ወታደር ሲሞት ሳይጻፍ አይቀርም፣ ቀለቡ ይቆረጣላ። ስሙን አግኝታችሁ በፊደል ተራ ጻፉት። ማዕረጉን ከፈለጋችሁ ከጎኑ በትንሹ።

ሻምበል፦ በፊደል ተራ? ኮሎኔሉ ከአሥር አለቃው በታች ሊመጣ ነው?

ትርሲት፦ «ሀ» ላይ ከጀመረ ምን ይደረግ፣ አባቱ ነው ያወጣለት።

ሻምበል፦ ሥርዓት የሚባል ነገር አለ እህቴ። ወታደር ቤት ያለ ማዕረግ ሰልፍ እንኳን አይቆምም።

የፍራንኮ ልጅ፦ ቆይ ግን ሻምበል፣ አንተ ራስህ የቱ ጦር ነበርክ? ከጠዋት ጀምሮ ማዕረግ ማዕረግ የምትለው።

ሻምበል፦ የትም አልነበርኩም። ስሜ ነው። ሻምበል። አያቴ ናቸው ያወጡልኝ።

የፍራንኮ ልጅ፦ 😂😂😂 ኧረ በእናታችሁ! ቀኑን ሙሉ ከሲቪል ጋር ነው የተዋጋነው?

ሻምበል፦ ስም ላይ መሳቅ ከጀመርክ ክርክር አልቆብሃል ማለት ነው።

ደምበላ፦ የ53ቱን ጥያቄዬን ግን እስካሁን አልመለስክም፣ ሻምበል።