በ1958 የካሪንቲያ ወላጆች ልጆቻቸውን ከስሎቬንኛ ትምህርት ያስወጡት «በነጻ ፈቃዳቸው» ነበርን?

የቀለም ልጅ፦
ዋርካ ትናንት ስለ መምህሩና ፖለቲከኛው ዮሽኮ ቲሽለር ሲጽፉ፣ «ሰውየው ስሎቬንኛን በሰው ልጅ ላይ በግድ ሊጭኑ ሞከሩ፤ በ1958 ወላጆች በነጻ ፈቃዳቸው ልጆቻቸውን ከትምህርቱ አስወጡ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ» ብለዋል (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እቆጥራለሁ)። እውነት ለመናገር ይህን አንብቤ ተናድጃለሁ። ቲሽለር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ የደቡብ ኦስትሪያ ክፍለ ሀገር በሆነችው በካሪንቲያ ጊዜያዊ አስተዳደር ውስጥ፣ የአናሳዎቹ የስሎቬኖች ድምፅ ነበሩ። ኦክቶበር 3 ቀን 1945 የወጣው ድንጋጌ በደቡብ ካሪንቲያ የሚኖር ልጅ ሁሉ፣ በቤቱ ጀርመንኛም ይነገር ስሎቬንኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲማር ያዘዘ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 1942፣ ናዚዎች የስሎቬን ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ከእርሻቸው ነቅለው ወደ ጀርመን ካምፖች አግዘዋቸው ነበር። ይህን ያየ ገበሬ ስሎቬንኛ አልፈልግም ብሎ ሲፈርም «ነጻ ፈቃድ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ዋርካ፦
ናዚዎች የሠሩትን ግፍ የካደ የለም፤ እባክዎ ያላልኩትን አያስብሉኝ። ያልኩት ድንጋጌው ለጀርመንኛ ተናጋሪውም ልጅ ግዴታ ነበር ነው። ልጁ ምን እንደሚማር ወላጁን ሳይጠይቁ መወሰን ግዴታ ካልተባለ ምን ይባላል? በዚያ ላይ ድንጋጌው ከፍቅር የመነጨ አልነበረም። ጎረቤት ዩጎዝላቪያ ደቡብ ካሪንቲያ ለእኔ ይገባኛል ትል ስለነበር፣ የክፍለ ሀገሩ ሹማምንት «ስሎቬኖቻችንን በደንብ ይዘናል» ለማለት ያወጡት ነው።

ቀበና፦
ዋርካ ሳያስቡት የራሳቸውን ክርክር አፈረሱ። ድንጋጌው ለታይታ ከሆነ፣ ታይታው ሲያበቃ መፍረሱ አይገርምም። የኦስትሪያን ነጻነት የመለሰው የመንግሥትነት ውል በሜይ 1955 ተፈረመ፤ የውሉ አንቀጽ 7 ስሎቬኖች በቋንቋቸው አንደኛ ደረጃ እንዲማሩና የራሳቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖራቸው ይደነግጋል። በሦስት ዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1958፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ስሎቬንኛ አናስተምርም ብለው የትምህርት ማቆም አድማ ሲያደርጉ ገዥው ፈርዲናንድ ቬዴኒግ ማስወጣት የሚፈልግ ያስወጣ አሉ፤ ከአምስት ልጆች አራቱ ያህል ወጡ። ይሁንና ቲሽለርንም ታቦት አታድርጓቸው። በ1949 የተመሠረተውን የካሪንቲያ ስሎቬኖች ብሔራዊ ምክር ቤት የመሩት እሳቸው ናቸው፤ በ1955 ደግሞ ግራ ዘመሞቹ ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ ትንሽ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ሲነታረክ ማን እንደተጠቀመ ግልጽ ነው።

የቀለም ልጅ፦
ቀበና፣ የማኅበራቱን ጠብ ለሌላ ቀን ያቆዩልን። ምክር ቤቱ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ስለተወዳጀ እንደማይወዱት ከዚህ ቀደምም ነግረውናል።

ቀበና፦
መውደድ አለመውደዴ ጉዳይ አይደለም። በ1957 በካሪንቲያ ዋና ከተማ በክላገንፉርት ለስሎቬኖች የተከፈተው ጂምናዚየም (ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) የመጀመሪያ ርዕሰ መምህር ቲሽለር መሆናቸውን አልካድኩም፤ ሥራቸውንም አከብራለሁ። ያልኩት ሰውየው ብቻቸውን አልነበሩም ነው።

እናት በካሪንቲያ፦
ነገርን ከሥሩ ይባላልና ስለ ፊርማው እኔ ልናገር፤ የምኖረው እዚሁ ነው። በ1958 ወላጅ የፈረመው «ልጄን አስወጡልኝ» ብሎ ነው፤ ያልፈረመ ወላጅ ልጅ በሁለቱም ቋንቋዎች ይማር ነበር። በ1959 የወጣው የአናሳዎች ትምህርት ቤት ሕግ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ከዚያ ወዲህ ልጁን በስሎቬንኛ ማስተማር የሚሻ ወላጅ ራሱ ሄዶ ማመልከት አለበት። አገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ እዚህ ግን ዝም ያለው ነቀዘ። የጭሰኛን ኑሮ የምታውቁ ሰዎች አስቡት፤ በትንሽ መንደር፣ መሬቱን ወይም ሥራውን የሰጠው ሰው እያየው፣ «እኔ ስሎቬን ነኝ» ብሎ በወረቀት ማሳወቅ ምን ማለት እንደሆነ።

ዋርካ፦
ስለ ጭሰኛ ያሉት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ልብ መንካቱ ማስረጃ አያደርገውም። ዛሬስ? በዚያው አካባቢ ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆኑ ልጆች በወላጆቻቸው ማመልከቻ ተመዝግበው ይማራሉ። ይህ ነጻ ፈቃድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የቀለም ልጅ፦
ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ አንድም የስሎቬንኛ ቃል እንደማያውቁ ለምን ይዘላሉ? ጀርመንኛ ተናጋሪው ያለ ፍርሃት ይመዘገባል፤ ለእሱ ተጨማሪ ቋንቋ እንጂ የማንነት ኑዛዜ አይደለም። «ነጻ ፈቃድ» የሚለው ቃል ለአንዱ ወላጅ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ከሆነ፣ ቃሉን ለሁለቱም እኩል መጠቀም ተገቢ አይመስለኝም።

ቀበና፦
ይህንኑ መመዘኛ በ1994 በአገራችን በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ላይ ብንጠቀምበት ዛሬ ማታ እንቅልፍ የሚወስደን አይመስለኝም።

የቀለም ልጅ፦
እባክዎ ወደዚያ አይውሰዱን፤ ገና ካሪንቲያን አልጨረስንም።

እናት በካሪንቲያ፦
አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ናቸው። ጠዋት ከዶሮዎቻቸው ጋር በስሎቬንኛ ሲያወሩ በአጥሩ በኩል እሰማቸዋለሁ፤ እኔን ሲያዩ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ትተው በጀርመንኛ «እንደምን አደርሽ» ይሉኛል። የእኔ ልጅ ለስሎቬንኛ ተመዝግባለች፤ የእሳቸው የልጅ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፣ አልተመዘገበችም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ መልሳቸው ስለ ዶሮዎቹ መኖ ሆነ።

ዋርካ፦
አዝናለሁ፤ ያም ሆኖ ልጅቷን ያላስመዘገቧት ወላጆቿ ናቸው፤ በነጻ ፈቃዳቸው።

የቀለም ልጅ፦
ይኸው፣ አሁንም ያቺኑ ቃል።