ጥቆማ፦ የስንዴ እርጥበት በማይክሮዌቭ ሬዞኔተር ለመለካት አዳማ ላይ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የስንዴን እርጥበት በማይክሮዌቭ ሬዞኔተር፣ ማለትም በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በሚያስተጋባ የመዳብ ቀለበት፣ መለካት ነው። ሴንሰሩን አዳማ ውስጥ የት ላሠራ? በምንስ ልለካ? ብሬ ትንሽ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ሥራ ይዘሻል። እኔም እዚሁ አዳማ ብዙ ወራት ለፍቼበታለሁ።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከሆንሽ መጀመሪያ ላብራቶሪውን ጠይቂ። ካልተሳካ ናኖቪኤንኤ ግዢ (ሬዞኔተሩ በየፍሪኩዌንሲው የሚሰጠውን ምላሽ የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ናት)፤ ግን አይተሽ። የመጀመሪያዋ የተሠራችው እስከ 900 ሜጋኸርዝ ነው። ቪ2 የምትባለው 3 ጊጋኸርዝ ትደርሳለች። ሬዞኔተርሽን 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ካደረግሽው እሷ ትበቃሻለች። ላይትቪኤንኤ የምትባለው ተመሳሳይ መሣሪያ 6 ጊጋኸርዝ ትደርሳለች፣ ለዚህ ሥራ ግን ትርፍ ወጪ ናት።

ቦርዱን በተመለከተ፣ ሮጀርስ 4003 የሚባለው የቦርድ ዓይነት የሞገድ ኃይል ብክነቱ (ሎስ ታንጀንት) በጣም ትንሽ ነው፤ 0.0027 ገደማ። የተለመደው ቦርድ የኤፍአር-4 ግን 0.02 ገደማ ነው። እኔ ሮጀርሱን ፈልጌ ስላጣሁ በኤፍአር-4 ሠራሁ፣ አላሳፈረኝም። ዲዛይኑን ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር ፕሪንተር በሚያብለጨልጭ ወረቀት አሳትሚ። ከዚያ በካውያ መዳቡ ላይ አስተላልፊው፣ የተረፈውን መዳብ በፌሪክ ክሎራይድ አስበዪው። ወረቀቱን ግን ሳትለኪ እንዳትወጪ! አንድ ቤት ገጹን አሳንሶ አትሞብኝ ቀለበቱ ጠበበ፣ የሚያስተጋባበት ፍሪኩዌንሲም ካሰብኩት በላይ ወጣ። ቦርዱንም ጊዜውንም ከሰርኩ።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ስለ እህሉ አሞላል ነው። የውሃ ፐርሚቲቪቲ (በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ኃይል የመያዝ አቅሙ) 80 ገደማ ነው፤ የደረቅ ስንዴ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እርጥብ ስንዴ ፍሪኩዌንሲውን ወደ ታች የሚጎትተው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ጠቅጠቅ ተደርጎ የተሞላ ደረቅ ስንዴም ይጎትተዋል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲውን ብቻ አትመኚ፤ በመሣሪያዋ ግራፍ ላይ ቀለበቱ በሚያስተጋባበት ፍሪኩዌንሲ የሚታየውን የጉድጓዱን ስፋትም መዝግቢ። እርጥበት ሲጨምር ብክነቱ ስለሚጨምር ጉድጓዱ ይሰፋል። እህሉን ሁሌም በሚዛን እኩል አድርገሽ፣ በዚያው ዕቃ ሙዪ። በእህሉና በቀለበቱ መካከል ቀጭን የአየር ክፍተት ከቀረ ንባቡ ይዛባል። ማመሳከሪያሽ ደግሞ የላብራቶሪ ማድረቂያ ይሁን፦ የተፈጨ ስንዴ በ130 ዲግሪ ለ2 ሰዓት፣ ከማድረቁ በፊትና በኋላ ተመዝኖ።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ ያለው ልክ ነው። ለእህል ነጋዴ ከሆነ ግን በካፓሲተር የሚሠራው የእህል እርጥበት መለኪያ ይሻላል፤ ሞልተሽ ቁልፍ መጫን ነው። ወተት ወይም ዘይት ለምትለኩ ደግሞ ጫፉ ክፍት የሆነ ኮአክሲያል ፕሮብ (እንደ አንቴና ኬብል ያለ መለኪያ ዘንግ) ነው የምመርጠው። ጫፉን መንከር ብቻ ነው፤ የአየር አረፋ እንዳይያዝበት ግን አደራ።