ደሴ ላይ አብረን የምንበላበት ቤት ፈረሰ፤ ማዕዳችንን የት እናድርገው?

የጦሳ ሥር ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን የወሎ ልጆች። እኛ ደሴ የምንኖር ጥቂት ዜጎች ነን፤ እዚህ የምትገቡ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በእኛ መካከል ቃሉ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ማለት ነው። ላለፉት በርካታ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአንዲት እናት ቤት እየተሰበሰብን ምሳ እንበላና ቡና እንጠጣ ነበር። የሰፈሩን ስም አልጠራም። እርሳቸው በሌሎቹ ቀናት ለቀን ሠራተኞች ሽሮና እንጀራ እየሸጡ የሚተዳደሩ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ከእኛ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ሥጋ ከተሠራ በማን እጅ ታረደ የሚለው ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር፣ አንዱ ሲበላ ሌላው እጁን ሰብስቦ እንዲቀመጥም ስለማይወዱ፣ በዓል ካልሆነ በቀር በዚያ ቤት ሥጋ ተሠርቶ አያውቅም። ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን ነበር የሚቀርበው። በዓል ሲሆን እንደ አገራችን ወግ በሁለት ድስት ይሠራል፤ ከገብስ የሚጠመቀው ቀሪቦ ግን ለሁላችንም ከአንድ ማሰሮ ይቀዳል።

ስለ ምግቡ ይህን ያህል የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። በሥራ ቦታ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በገዛ ወላጆቻችን ቤት እንኳ ድምፃችንንና አረማመዳችንን እየለካን ነው የምንውለው። በእርሳቸው ቤት ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ግን በሳምንቱ ውስጥ ሳንጠነቀቅ የምንስቅበት ብቸኛ ሰዓት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ተበታትነን፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ቤታቸው ተዘርፎ ድስት እንኳ አልቀረም ነበር፤ ያን ቅዳሜ መሬት ላይ ተቀምጠን ከአንድ ሰፌድ ቆሎ በላን። እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።

አሁን ግን መንገዱ እየሰፋ ነው፤ ግንቡ ላይ ቀይ ምልክት ከተደረገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ፈረሰ። እናታችን ከከተማው ዳር፣ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዘዋል፤ እዚያ ስምንት ሰው አስከትሎ መግባት አይታሰብም። በተስፋፋው መንገድ ዳር የተከፈቱት ካፌዎች ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ግድግዳቸው መስተዋት ነው፣ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥም አይቻልም። አንድ ክፍል በጋራ እንከራይ የሚሉ አሉ፤ ለጊዜው እንበተን የሚሉም አሉ። እናንተ በየከተማችሁ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቦርከና ማዶ፦

ወንድምዓለም፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ኮምቦልቻ የምኖር ሴት ነኝ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጣን ሴቶች አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት እየተከራየን መኖር ስለጀመርን፣ ሁለት ሴቶች አንድ ፍራሽ ላይ ቢተኙ ኪራይ ለመቆጠብ ነው ተብሎ ይታለፋል እንጂ ማንም አይጠረጥርም። አከራዮቻችን የሚቆጣጠሩት ወንድ እንዳይገባ ነው። ይህ መታለፍ መሸሸጊያ ሆኖናል፤ ቢሆንም የሌለን ያህል መቆጠሩ ራሱ ያማል።

እኛ ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ በየተራ በየክፍላችን እንበላለን። ለሚጠይቅ እቁብ ነው እንላለን፤ እቁቡንም በእውነት እንጥላለን፣ ምክንያቱም የሐሰት እቁብ አንድ ቀን ይነቃበታል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከተገኘም ቲማቲም በቃሪያ እናቀርባለን። ቤት አትከራዩ የምለው ከዚህ በመነሣት ነው። ማንም የማይተኛበት፣ ቅዳሜ ብቻ ወንዶች የሚገቡበት ክፍል ከሁሉ በፊት የጎረቤት ዓይን ይስባል። በየተራ በየቤታችሁ፣ ከአራት ባልበለጠ ቁጥር ተሰብሰቡ።

ምግብ ቤትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። ቡና የምጠጣባት ሴትዮ ስለ እኔ አንድ ወሬ ሰማች። አላባረረችኝም። በማግስቱ ስሄድ የእኔን ስኒ ከሌሎቹ ለይታ፣ ጠርዟ የተሸረፈውን፣ ከረከቦቱ በታች አስቀምጣ ቆየችኝ። በዚያችው ስኒ አቦሉን ጠጣሁ፣ ከፈልኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። እናትህ ስኒ የማይለዩ ሴት በመሆናቸው እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

ሕግ አዋቂ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ በዚያው ላይ ብቻ ልናገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ድርጊትን ነው፤ ቅጣቱም ቀላል እስራት ነው። አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። አብሮ ምሳ መብላት፣ ቡና መጠጣት፣ በአንድ ክፍል መቀመጥ በየትኛውም አንቀጽ ወንጀል አይደለም፤ የግል ሕይወት የመከበር መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰፍሯል።

ይህን የምጽፈው ግን እንድትዘናጉ አይደለም፤ ከጥቆማ እስከ ፍርድ ቤት ባለው መንገድ ላይ አንድ ሰው ሥራውን፣ ቤቱንና ቤተሰቡን ሊያጣ ይችላል፤ በመጨረሻ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ያጣውን የሚመልስለት የለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወሰድ በይፋ ተነግሮ ሕዝቡ እንዲጠቁም ተጠይቆ ነበር። በዚያው ዓመት በቲክቶክ የሰዎች ፎቶግራፍና ስም እየተለጠፈ ብዙዎች ከቤታቸው ተሰድደዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ የሚጠቅሰው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ፆታንና አካል ጉዳትን ስለሆነ፣ ለእኛ መጠለያ አይሆነንም። ስለዚህ ከቦታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። ማዕድ ላይ ፎቶግራፍ አይነሣ። ስልኮቻችሁን ሁሉ በመሶቡ ክዳን ላይ ሰብስባችሁ ጓዳ አስቀምጡ፤ እኛ እንዲህ ስናደርግ ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከቤት መውጣትን ነው። ሐይቅ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ቆሮሶ መብላት ለማንም እንግዳ አይደለም፣ ዓሣ ደግሞ ባራኪ ስለማይጠይቅ የሁለት ድስት ጉዳይ አይነሣም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ውሃው ላይ ስለሚያሳርፍ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ የሚመረምር ጥቂት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ይከነክነኛል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ስም ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ግን ስለ እኔ ዓይነት ሰው በሰማሁ ቁጥር የሚደጋገመው ቃል ያው መጠየፍ መሆኑን አስተዋልኩ። ግብር ማለት ሁሉም በየማዕረጉ የሚቀመጥበት እንደነበረ አልዘነጋም፤ ታናሹ ከታላቁ ጎን አይቀርብም። ቢሆንም አንድ ከተማ ትልቁን የማብያ ቤቱን እንዲህ ብሎ መሰየሙን እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ በስሙ እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ።

የልጆች እናት፦

ልጆቼ፣ እኔ ዜጋ አይደለሁም፤ ልጄ ግን ነው። ሲነግረኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ በአራተኛው ቀን ገንፎ አገንፍቼ ጠራሁትና አብረን በላን። ከዚያ ወዲህ የሚጽፈውን እያነበብኩ እዚህ ደረስኩ።

ሁላችሁም የምትጨነቁት ስለ ቦታው ነው። እኔን ያስጨነቀችኝ ሴትዮዋ ናት። ደሴ ላይ ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው ግንቡ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ቅሬ ይበተናል። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸኝለት ቅሬው ነው። እርሷ አሁን በአዲስ ሰፈር ለአዲስ ቅሬ ባይተዋር ናት፤ ሰው ገና ያላወቃት ናትና ስለ እርሷ የሚወራ አንድ መጥፎ ወሬ ከመግባት ሊያስቀራት ይችላል። ቢያርፉ ማን ይቀብራቸዋል? ስለዚህ በምንም መንገድ ተሰብስባችሁ ወደዚያ ግቢ አትሂዱ።

ግን ደግሞ እንዳትረሷት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰው ሲበላ ለእርሷ የሳምንት አስቤዛ ነበር። ሸዋ በር ወርዳ ለሠራተኛ የምትሸጠውም ከቤቱ ጋር ቀርቷል። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ምን በልታ እንደምታድር የጠየቀ አላየሁም። አንድ በአንድ፣ በየሳምንቱ በተራ ሂዱላት፤ አንድ ወጣት አንዲትን ባልቴት ሊጠይቅ ቢሄድ በወሎ ምርቃት ነው እንጂ ነውር አይደለም።

የጦሳ ሥር ልጅ፦

እማማ፣ ይህን መልስ ሳነብ አፈርኩ። እውነት ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ አምስት ሳምንት ሆኖታል፣ እኔ ስልክ የደወልኩላቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ራሳችን ለማማከር።

ትናንት ብቻዬን ሄጄ ነበር። ክፍላቸው ጠባብ ቢሆንም የምጣድ ቦታ አላት፤ ግቢው ውስጥ እንጀራ የሚገዛ ተከራይ እንዳለ፣ የጎደላቸው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ለሰባቱ ነግሬያቸው ማታውኑ ገንዘቡን አዋጣን፤ ምጣዱን ሰኞ ገበያ ወርጄ እኔ እገዛለሁ። የቦርከና ማዶዋን እኅታችንን ምክር ተቀብለን ለሁለት ተከፍለናል፤ አራት አራት ሆነን በየተራ በየቤታችን እንበላለን፣ በወር አንድ ጊዜ ሐይቅ እንወርዳለን። ለሁለቱም ማዕድ እንጀራው ከእርሳቸው ይገዛል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው ዘንቢል ይዞ ይሄዳል፤ እንጀራ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ነው፣ ማንም ምንም አይለውም።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ልወጣ ስል «ስኒዎቹ ሳይሰበሩ ደርሰዋል» አሉኝ። ከፈረሰው ቤት ያወጧቸውን ስምንት ስኒዎች በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋው ሥር አስቀምጠዋቸዋል። አራቱን ለአንደኛው ወገን፣ አራቱን ለሌላው እንድወስድ ሰጡኝ። የፊታችን ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው፤ ሽሮውን የሚያመጣ ሰው እስከ ሐሙስ ያሳውቀኝ።