በረዶው እየቀለጠ ቴርሞሜትሩ ለምን 0 ላይ ቆመ?

ጥያቄ፦ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተፈጨ በረዶ እሳት ላይ ጥደን ቴርሞሜትር ከተትንበት። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ እሳቱም አልጠፋም፣ ቴርሞሜትሩ ግን 0 ላይ ድርቅ አለ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ደህና ነው! ሙቀትና መጠነ ሙቀት አንድ አይደሉም፣ እኔም ይቺ ነገር ስንቴ ሸውዳኛለች። መጠነ ሙቀት የሞለኪውሎቹን አማካይ ካይኔቲክ ኢነርጂ (የእንቅስቃሴ ጉልበት) ነው የሚነግርህ፤ አሁን የሚገባው ሙቀት ግን እነሱን ከማፍጠን ይልቅ እርስ በርስ የተያያዙበትን ትስስር በማላላት ነው የሚያልቀው። ስውር ሙቀት የሚሉት ይሄ ነው።

ሌላ መልስ፦ 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ያስፈልጋል። በዚያው ጉልበት 1 ኪሎ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ይደርሳል!

ጠያቂው፦ እንዴ፣ 80? ታዲያ ቴርሞሜትሩ አንዴ 3 ያሳየንሳ?

መልስ፦ የዕቃውን ታች ነክቶ ነዋ። ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ እያማሰላችሁ አንብቡ።