ኤክስፕሎድ «ፈነዳ» ብቻ ነው እንዴ?

— ወገኖቼ እርዱኝ። አንድ የቆየ እንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ኤክስፕሎድድ ኦፒኒየን» የሚል ሐረግ ገጠመኝ። «የፈነዳ አስተያየት» አልኩት፤ መልሼ ሳነበው ግን ጭራሽ አልጥመኝ አለ። አስተያየት እንዴት ይፈነዳል?

— ጆሮህ አልዋሸህም ወንድሜ። ቃሉ ከላቲኑ «ኤክስፕሎዴሬ» ነው። «ኤክስ» ወደ ውጭ ነው፣ «ፕላውዴሬ» ማጨብጨብ። ሮማውያን ተዋናዩ ካልጣማቸው በጭብጨባና በጩኸት ከመድረክ ያስወጡት ነበር። እንግሊዝኛም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲወስደው ንቆ መጣል ማለት ነበር። የባሩዱ ፍንዳታ የመጣው በኋላ ነው። «አፕሎድ» (applaud) የሥጋ ወንድሙ ነው፤ እሱ እያጨበጨቡ ማመስገን፣ ይሄ እያጨበጨቡ ማባረር።

— ጭብጨባ ግን ለደስታ ነው! ዳዊት 46 ላይ በግዕዙ «ኵልክሙ አሕዛብ ጥፍሑ እደዊክሙ» ይላል። ጠፍሐ ማለት አጨበጨበ ነው። ማባረር የት አለበት?

— መምህር፣ ኢዮብ 27፥23ን ይመልከቱልኝ። ክፉውን ሰው እያጨበጨቡበት በፉጨት ከስፍራው ያስወጡታል። ሮማ ድረስ መሄድም አላስፈለገንም።

— እኔን የቆረቆረኝ «ፈነዳ» ነው። ኤክስፕሎድ ከሥሩ ድምፅ አለበት። አደይ አበባ ግን ሲፈነዳ ማን ሰማው? የኛ ፈነዳ የታመቀ ነገር ተከፍቶ መውጣቱን ነው የሚናገረው፣ ድምፁ ትርፍ ነው። ለእኔ እንግሊዝኛው ለእሳተ ገሞራ ከሚለው «ኢራፕት» ጋር ነው የሚቀራረበው፤ እሱ ከላቲኑ «ሩምፔሬ»፣ መስበር ከሚለው ስለመጣ ጩኸት የለበትም።

— እህቴ፣ በዚህስ አልስማማም። ጎማ ፈነዳ ስንል መጀመሪያ የምንሰማው ድምፁን ነው። ያለ ድምፅ ከሆነማ ተነፈሰ እንጂ ፈነዳ አንልም። ኤርታ አሌም የእሳት ሐይቁ ሲንተከተክ ቆይቶ ከአፉ ሲያልፍ ገነፈለ ነው የሚባለው።

— ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ከግዕዙ ነቅዐ ይጀምራል። ነቅዐ ተሰነጠቀ ነው፤ ምንጭ «ነቅዕ» የተባለው መሬቱን ሰንጥቆ ስለሚወጣ ነው። ብርጭቆው ነቃ የምንለውም ከዚሁ ነው።

— ከእንቅልፍ ነቃስ?

— እሱ ነቅሀ ነው፣ በሃሌታው ሀ። ዐይኑ ዐና ሃሌታው ሀ ሲወድቁ ሁለቱ በአማርኛ አንድ ሆኑ። ለዚህ ነው ፊደል አትቀንሱ የምለው!

— ኧረ አስተያየቱን ምን ልበለው? ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው።

— «ውድቅ የሆነ» በለው።

— ውድቅ ውስጥ ጭብጨባው የታለ? «ተጨብጭቦበት የተባረረ» ይሻላል።

— መምህር፣ ንቅዓትም ከነቅዐ ነው ማለት ነው? ተረከዜ ላይ ያለው?