ለዓመታት የለመንሁት ነገር መልስ ባያገኝ፣ ያንኑ ደጋግሞ መለመን እምነት ማጣት ነውን?

ወለተ ሥላሴ (ጠያቂ)

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ስለ ታላቅ ወንድሜ ለዓመታት ስጸልይ ቆይቻለሁ። አባታችን ካረፈ በኋላ መጠጥ ለመደ፤ በዚያው ምክንያት ሥራውንም ትዳሩንም አጣ፤ አሁን ከእናታችንና ከእኔ ጋር ይኖራል። በየዓመቱ በጾመ ፍልሰታ ሱባኤ ስይዝ የማስቀድመው ልመና የእርሱ ጉዳይ ነው። ነገሩ ግን ከመሻል ይልቅ እየባሰ ሄዷል። ንጋት ላይ ተነሥቼ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ስጀምር ብዙውን ጊዜ እርሱ በር የሚያንኳኳው በዚያው ሰዓት ነው። መጽሐፉን አጥፌ እከፍትለታለሁ፤ ጫማውን አውልቄ አስተኝቼው ስመለስ የት ላይ እንደ ቆምሁ እንኳ ይጠፋብኛል፤ የቀረውን የምጨርሰው ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ በአፌ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «አንድ ጊዜ ከለመንሽ በኋላ የሚቀርሽ ማመስገን ብቻ ነው፤ ያንኑ መደጋገም ግን እግዚአብሔር አልሰማኝም ብሎ መጠራጠር ነው» ብላኛለች። ይህ ትክክል ነውን? ሁለተኛ፣ ልቤ እንዲህ በደነዘዘበት ጊዜ በአፍ ብቻ ከማድረስ ለጊዜው መተው አይሻልምን?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር

እኅታችን፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደጋግሞ መለመን እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ «ያንኑ ቃል» ደግሞ ባልጸለየ ነበር (ማቴ. 26፥44)። በተራራው ስብከት የከለከለው በከንቱ መድገምን፣ ማለትም በቃል ብዛት እሰማለሁ ብሎ መታመንን ነው። ሳይታክቱ መለመንንማ በዳኛው ፊት እየተመላለሰች ፍርድ በጠየቀችው መበለት ምሳሌ አስተምሮናል፤ ምሳሌውንም የደመደመው የሰው ልጅ ሲመጣ በምድር እምነትን ያገኝ እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። እንግዲህ በዚያ ቦታ እምነት የተባለው የመበለቲቱ መመላለስ እንጂ ጠይቆ ዝም ማለት አይደለም።

የካህኑን የዘካርያስን ታሪክ በሉቃስ ምዕራፍ 1 በዝግታ እንዲያነቡት እመክራለሁ። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን ነበሩ፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም፤ ሁለቱም አርጅተው ነበር። መልአኩ «ጸሎትህ ተሰምቶልሃል» ያለው የክፍሉን ተራ ጠብቆ ወደ ቤተ መቅደስ በገባበትና በሚያጥንበት ሰዓት፣ ሕዝቡም በውጭ ቆሞ ይጸልይ በነበረበት ጊዜ ነው። ዘካርያስ በዚያች ሰዓት «ይህን በምን አውቃለሁ?» ብሎ መጠየቁ ልቡ ምን ያህል ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበር ያሳያል። ተስፋው ቢደክምም ተራውን አላስታጎለም፤ ለራሱ መልስ ሳያገኝ የሕዝቡን ጸሎት ያሳርግ ነበር። ለእኔ በጸሎት መታመን ማለት ይህ ነው፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎም መልሱ በአብዛኛው እዚሁ ያለ ይመስለኛል።

ሱባኤ የሚይዙበት የፍልሰታ ጾም ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። እመቤታችን ያረፈችው ጥር 21 ቀን ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ሥጋዋን በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር አይቶ ሲነግራቸው ሐዋርያት እነርሱም ለማየት ተመኙ፤ ነሐሴ 1 ቀን ሱባኤ ጀምረው በሁለተኛው ሱባኤ ፍጻሜ በ14ኛው ቀን ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ ቀበሯት። ትንሣኤዋንና ዕርገቷን ግን ያየው በደመና ሆኖ ይመጣ የነበረው ቶማስ ብቻ ነበር። የቀሩት ይህን ሲሰሙ አላዘኑም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ዓመቱ ዞሮ ነሐሴ ሲገባ እንደገና ጾሙ፤ በ16ኛው ቀንም የለመኑትን አዩ። ሐዋርያት እንኳ ለአንድ ልመና ሁለት ጊዜ ሱባኤ ከያዙ የእርስዎ መደጋገም ሊያሳፍርዎ አይገባም።

ልብ ሲደነዝዝ መጠኑን ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክሮ መቀነስ ይቻላል፤ ሰዓቱን መተው ግን አልመክርም፤ አንዴ ከተተወ መልሶ ለመጀመር እጅግ ይከብዳልና። ጸሎቱን አቋርጠው በር መክፈትዎንም እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ የሚለምኑለትን ሰው ነው የሚያስተኙት።

ገብረ ክርስቶስ

እኔ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወገን ነኝ፤ ባልደረባሽ የተናገረችውን ቃል በእኛም ዘንድ እሰማዋለሁ። መነሻዋ የለመናችሁትን ሁሉ እንዳገኛችሁት እመኑ የሚለው የማርቆስ 11፥24 ቃል ይመስለኛል፤ እርሱም እውነተኛ ቃል ነው። ሆኖም ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር» ልመናችሁን አስታውቁ ሲል ምስጋናን ከልመና ጋር አጣመረው እንጂ በልመና ቦታ አልተካውም። ስለዚህ ወንድምሽ ዛሬም በሕይወት ወደ ቤት ስለ ገባ አመስግኚ፤ እንዲድንም በዚያው ጸሎት ለምኚ።

በመምህሩ መልስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መበለቲቱም ዘካርያስም ሐዋርያትም በመጨረሻ የለመኑትን ያገኙ ናቸው። ጳውሎስ ራሱ ግን የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ይህን ለተጨነቀ ሰው መንገር ቢከብድም መደበቅ ደግሞ ትክክል አይሆንም።

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ

ልጄ፣ ወንድሞችሽ ከመጽሐፍ ነግረውሻል፤ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ባለቤቴ በታመመ ጊዜ እንዲድንልኝ ጠበል እየወሰድሁት፣ ስእለት እየተሳልሁ ለመንሁ፤ አልዳነም። ነገር ግን ቆርቦ፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ታርቆ ነው ያረፈው፤ ይህን እኔ ለመለመን አላሰብሁትም ነበር። ለምን እንዳልዳነ ዛሬም አላውቅም፤ ጸሎቴን ግን አልተውሁም።

ወንድምሽን ሳይጠጣ በዋለበት ሰዓት ቁጭ ብለሽ አነጋግሪው። መጠጥ በሽታም ነውና ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ ጠበሉም ሕክምናውም አይጣሉም። ደግሞ ብቻሽን አትሸከሚው፤ ንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው እንዲያነጋግሩት ጠይቂያቸው።

ወለተ ሥላሴ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእማሆይን ምክር ተቀብዬ ንስሐ አባታችንን ለቅዳሜ ጠርቻቸዋለሁ። እናቴም ከእኔ ጋር መቆም ትፈልጋለች፤ ይሁንና ማንበብ አትችልም፤ እኔም ስቋረጥ ግራ ትጋባለች። ምን ብናደርግ ይሻላል?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር

አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁ በቃል አድርሱ፤ እርስዎ ዳዊቱን ወይም ውዳሴ ማርያሙን ሲያነቡ እናትዎ ያዳምጡ። በር ሲንኳኳና እርስዎ ሲነሡ እናትዎ መቁጠሪያቸውን ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ ይቆዩ። ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥሉ፤ ቦታው ከጠፋብዎ የዚያን ክፍል መጀመሪያ ይዘው ይነሡ።