«የሚመራ ፕሮቶኮል»፦ ጠብቆ ነው ላልቶ?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ኔትወርክ አስተምራለሁ። በቅርቡ ስለ ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ስለሚግባቡባቸው ደንቦች፣ ባወጣሁት ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ «ከሚከተሉት ውስጥ የሚመራ ፕሮቶኮል የትኛው ነው? ሀ/ አይፒ፣ ለ/ ኦኤስፒኤፍ»። እኔ በልቤ የያዝኩት መልስ «ሀ» ነው። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ «ለ» ብሎ መለሰ። ላርም ስቀመጥ ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ቀረ፤ ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው። እንግሊዝኛው መረጃ አድራሻ ተጽፎበት የሚላክበትን አይፒን «ራውትድ»፣ የመንገድ ወሬ የሚነገርበትን ኦኤስፒኤፍን «ራውቲንግ» ብሎ ለያይቷቸዋል። እኔ አማርኛ አደርጋለሁ ብዬ አንድ አደረግኋቸው። ምን ብዬ ልለያቸው?

የሰዋስው መምህሩ፦
እኅቴ፣ ተማሪዎችሽን አትቅጫቸው። «የሚመራ» ሲባል «መ» ከላላ ሌላውን የሚመራ ነው፤ ከጠበቀ ደግሞ በሌላ የሚመራ ነው። (ይኸው አሁንም ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ አንባቢ ካልደረሰልኝ ምንም አላስረዳሁም።) «በሬው ነገ ይበላል» የሚለውን ውሰጂ። «በ» ከላላ በሬው ጭዱ ተዘጋጅቶለታል፤ ከጠበቀ ቅርጫ ሊገባ ነው። አንዳንድ መዝገበ ቃላት የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያኖራሉ። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ይህን ልማድ የያዘ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ፊደሉ ራሱ የሚለያቸውን ጥንድ ተጠቀሚ፦ «መሪ ፕሮቶኮል» እና «ተመሪ ፕሮቶኮል»፤ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ።

የኔትወርክ ባለሙያው፦
የኔታ፣ ሰዋስውዎ ልክ ነው፤ ነገሩ ግን ከከሳሽና ከተከሳሽ ይለያል። ተከሳሹን የከሰሰው ከሳሹ ነው። አይፒን የሚመራው ግን ኦኤስፒኤፍ አይደለም።

በስፋት የምንጠቀምበት የአይፒ 4ኛ ስሪት ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ደንቡ እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ ቢያንስ 20 ባይት የሆነ ራስጌ (ከመረጃው ፊት የሚቀመጥ መግለጫ) ይኑረው ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ባይት የላኪና የተቀባይ አድራሻ ናቸው። አይፒ አድራሻውን ይጽፋል እንጂ መንገዱን አያውቅም። እሽጉ ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ዘንድ ሲደርስ ራውተሩ የተቀባዩን አድራሻ ያያል፣ የመንገድ ሰንጠረዡን ይመለከታል፣ በአንዱ በር ያስወጣዋል። ስለዚህ መሪ ካላችሁ መሪው ራውተሩ ነው።

ሰንጠረዡን ማን ሞላው? የእነ ሪፕ፣ የእነ ኦኤስፒኤፍ፣ የእነ ቢጂፒ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ራውተሮች «በእኔ በኩል ወደ እንትን ይደረሳል» እየተባባሉ የሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች ናቸው። የተጠቃሚው ደብዳቤም ሆነ ፎቶግራፍ በውስጣቸው አያልፍም። አንድ ባለሙያ ሰንጠረዡን በእጁ ከሞላው ደግሞ አንዳቸውም ሳይኖሩ አይፒ በራውተሩ ሲመራ ይውላል። ከሳሽ የሌለው ተከሳሽ አያውቁም መቼም፣ የኔታ!

ሌላም ጉድ አለ። ቢጂፒ የራሱን መልእክት የሚልከው በቲሲፒ (መልእክት ሳይጎድል መድረሱን የሚከታተል ሌላ ፕሮቶኮል) በር ቁጥር 179፣ ማለትም በአይፒ ላይ ተጭኖ ነው። «መሪ» ያላችሁት ራሱ የሚጓዘው በ«ተመሪው» ጫንቃ ላይ ነው።

የሰዋስው መምህሩ፦
ተሸነፍኩ። ለካ እንግሊዝኛው ጥንድ ራሱ መንታ መስሎ ያታልላል። «ራውትድ» በራውተሩ የሚደረግበትን ይናገራል፤ «ራውቲንግ» ግን አድራጊውን ሳይሆን የሥራውን ስም ይዟል። አንዱ የሌላው አድራጊ አይደለም። እንግዲያው በአማርኛም መንታ አናድርጋቸው። አንዱ «ተመሪ» ይባል፤ ለሌላው ሌላ ስም ፈልጉለት።

ከሰመራ የምትጽፈው፦
እኛ ዘንድ «ዳጉ» አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ተባብለው አይተላለፉም፤ ተቀምጠው የሰሙትንና ያዩትን ይለዋወጣሉ። ውኃው የት ነው፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ በየት በኩል ያስኬዳል? ይህን የሰማው ለሚቀጥለው ይነግራል። በዚያ የሚጓዘው ግመልና ጨው የእናንተ «ተመሪ» ከሆነ፣ ዳጉ «ራውቲንግ» አይደለም ወይ?

የኔትወርክ ባለሙያው፦
ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በተለይ ሪፕ ቁርጥ እሱን ነው፤ በየ30 ሰከንዱ የሚያውቀውን ሁሉ ለጎረቤቶቹ ይናገራል። ልዩነቱ፣ ዳጉ ላይ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ወግ ነው። ሪፕ ይህን አይጠይቅም። አንድ መንገድ ሲቆረጥ አንዱ ራውተር ከጎረቤቱ የሰማውን መልሶ ለዚያው ጎረቤት ያወራለታል፣ ጎረቤቱም አምኖ በርቀቱ ቁጥር ላይ አንድ ይጨምርበታል፣ የፊተኛውም እንደገና አንድ ይጨምራል። ወሬው ማለቂያ እንዳያጣ የተደረገለት ገደብ 15 ራውተር ነው፤ ቁጥሩ 16 ከደረሰ «አይደረስም» ማለት ነው። ኦኤስፒኤፍ ከዚህ ይሻላል፤ ራውተሩ በዓይኑ ያየውን፣ ማለትም የራሱን ግንኙነቶች ብቻ ይመሰክራል፣ ምስክርነቱም ሳይለወጥ በአካባቢው ላሉት ራውተሮች ሁሉ ይዳረሳል።

ለስሙ «መንገድ አሳዋቂ ፕሮቶኮል» ብንለውስ?

ጠያቂዋ፦
«መንገድ አሳዋቂ» ወደድኩት። ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ ማጥበቅና ማላላት አያምታታውም። «ተመሪ» ላይ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል፤ የሚሄደው በአይፒ አድራሻ የተጻፈበት እሽጉ ነው እንጂ ደንቡ ራሱ የትም አይሄድም።

የኔትወርክ ባለሙያው፦
እውነት ነው፤ እንግሊዝኛውም ያው ጉድለት አለበት። ቢሆንም «ተመሪ» ጥቅም አለው፤ ተመሪ ያልሆነም ፕሮቶኮል ነበርና። ኔትቢዩአይ የሚባለው የድሮ ፕሮቶኮል አድራሻው የኔትወርክ መለያ ስላልነበረው ራውተር መሻገር አይችልም ነበር፤ ቀበሌውን የማይጠቅስ፣ ስም ብቻ የያዘ ደብዳቤ በሉት። የኖቬሉ አይፒኤክስና የአፕሉ አፕልቶክ ግን እንደ አይፒ ሁሉ ተመሪዎች ነበሩ።

ጠያቂዋ፦
ለክፍል የሚሆን ምሳሌም አገኘሁ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ አመሻሽ ላይ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። ለጥገና የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መስመሮች በጠሰ፤ ከዚያም የኩባንያው የስም አገልጋዮች (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉሙ ኮምፒውተሮች) «በእኛ በኩል ይደረሳል» የሚለውን የቢጂፒ ማስታወቂያቸውን ሰረዙ። አይፒ ምንም አልሆነም፤ አድራሻው አልተቀየረም። የጠፋው መንገዱን የሚናገር ነው።

እንግዲህ የማካካሻው ጥያቄ እንዲህ ይሆናል፦ «በዚያ ምሽት ሥራውን ያቋረጠው ተመሪው ፕሮቶኮል ነው ወይስ መንገድ አሳዋቂው? ምክንያትህን/ሽን ጻፍ/ፊ።» ለቀድሞው ጥያቄ «ሀ» ላሉትም «ለ» ላሉትም ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

የሰዋስው መምህሩ፦
«ሁለቱም» ብሎ የጻፈ ተማሪ አልነበረም?

ጠያቂዋ፦
አንድ ነበረ፣ የኔታ። ዜሮ ሰጥቼው ነበር።